የጀሪካኑ ግድግዳ፦ ከጅማ የባዮፊልም ሥራ ማስታወሻ

መስከረም 24፣ 2017 ዓ.ም.

ጥያቄያችን አንድ ነው። በጅማ ቤቶች ውሃ የሚጠራቀምበት የ20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ውስጡን ሲነኩት የሚያሙለጨልጨው ነገር በምን ይለቃል? ውሃ ማከሚያ ክሎሪን ጨምሮ መጠበቅ ይበቃዋል? በጠጠር መናጥ ያስለቅቀዋል? ወይስ አሮጌውን ጥሎ አዲስ መግዛት ነው የሚያዋጣው? ይህን ለመመለስ ያንን የሚያሙለጨልጭ ሽፋን፣ ባዮፊልሙን፣ ላብ (ቤተ ሙከራ) ውስጥ ራሳችን እናበቅላለን፤ ከዚያም ሰው ቤቱ በሚያጥብበት መንገድ ሁሉ እያጠብን ምን እንደሚቀር እናያለን።

ጥያቄውን ያመጡት ተማሪዎች ናቸው። ለሲ.ቢ.ቲ.ፒ. (ተማሪዎች ኅብረተሰቡ መካከል ገብተው ለሚማሩበት ፕሮግራም) ሰፈር በወጡ ቁጥር ይዘውት የሚመለሱት ነገር አለ፤ ከቧንቧው የቀዱት ናሙና ደህና ይሆንና እዚያው ቤት ጀሪካን ውስጥ የሰነበተው ውሃ ግን ደህና አይሆንም። ነገሩ የጅማ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ፣ 57 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ ውሃ ከተቀዳበት እስከሚጠጣበት ባለው መንገድ በብዙ ቦታ ጥራቱ እንደሚወርድ አሳይቷል። እኛ የጤና ሰዎች ያኔ የምንመክረው እጅ ታጠቡ፣ ኩባያ አትንከሩ፣ ክዳን ክደኑ ብለን ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ግድግዳውን የሚያነሳ ግን እምብዛም አይገኝም።

ባዮፊልም ማለት ባክቴሪያዎች አንድ ገጽ ላይ ተጣብቀው፣ ራሳቸው ያመነጩትን ልጋግ ለብሰው በጋራ ሲኖሩ ነው። የባዮፊልም ተመራማሪዎቹ ፍሌሚንግና ዊንገንደር እ.ኤ.አ. በ2010 እንደጻፉት፣ በአብዛኛው ባዮፊልም ውስጥ ሕዋሶቹ ከደረቅ ክብደቱ 10 በመቶ እንኳን አይሞሉም። የቀረው ልጋጉ ነው፤ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለት፣ ፕሮቲን፣ ከሕዋስ የወጣ ዲ.ኤን.ኤ. እና ቅባት። ፍሌሚንግ ከዉርትስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ግምት ደግሞ በምድር ላይ ካሉት ባክቴሪያዎችና አርኬያዎች ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት የሚኖሩት በዚህ ዓይነት ነው። በማስተማሪያ ላብ ለተማሪ የምናሳየው ግን ብሮዝ (ፈሳሽ የባክቴሪያ ምግብ) ውስጥ ተንሳፎ የሚኖረውን ብቻ ነው። ይህ ይቆጨኛል። ሥራውን የጀመርኩትም ከዚህ ቁጭት የተነሳ ነው።

ጥቅምት 4

ጀሪካን ስንሰበስብ ዋልን። አዲስ ሰጥቶ አሮጌ መቀበል ነው ደንቡ። ከከተማው ሰፈሮች ከመንደራም፣ ከፈረንጅ አራዳም፣ ከቦሳ ኪቶም ተገኘ። ሰው መጀመሪያ አላመነንም። አንዲት እናት አዲሱን ጀሪካን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ልጄ፣ ይህን አሮጌ ምን ልታደርጊበት ነው? መርዝ አለበት ብላችሁ ልታወሩብን ነው?» አሉኝ። ውስጡን አይተን ምን እንዳገኘን መጥተን እንደምንነግራቸው ቃል ገባሁላቸው። ይህ ቃል እዚህ ማስታወሻ ላይ ይቀመጥ፤ ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ የሚሰሙት እሳቸውና ጎረቤቶቻቸው ናቸው።

ከሰዓት አንዱን በብረት መጋዝ ከአፉ እስከ ታቹ ሰነጠቅነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሁላችንም በየቤታችን ያለ ዕቃ ሆኖ ውስጡን በትክክል ያየው ጥቂት ሰው ነውና። ታች ማዕዘኖቹ ላይ ቡናማ ደለል ተቀምጧል፤ በጣት ሲጠረግ ይነሳል። ከሱ ሥር ግን በዓይን የማይታይ፣ ጣት ሲያልፍበት የሚያንሸራትት ሽፋን አለ፤ በውሃ ቢያለቀልቁትም አይሄድም። ወደ ላይ ውሃው ሁልጊዜ የሚደርስበት ከፍታ ላይ ዙሪያውን የከበበ መስመር ይታያል። የገረመኝ እጀታው ነው። እጀታው ውስጡ ክፍት ቱቦ ነው፤ ጀሪካኑ ሲሞላ ውሃ ይገባበታል፣ ሲቀዳም የተወሰነው እዚያው ይቀራል። ብሩሽ አይደርስበት፣ ጣት አይገባበት፣ ፀሐይ አያየው። ከፍተን ስናየው ግድግዳው ሁሉ አረንጓዴና ቡናማ ለብሷል፣ ሽታም አለው።

ከጠፍጣፋው ጎን የማይክሮስኮፕ ስላይድ የሚያክሉ፣ 25 በ75 ሚሊ ሜትር የሆኑ ቁራጮች ቆረጥን። ግማሾቹ ከአዲስ ጀሪካን ናቸው፣ ግማሾቹ ዓመታት ከሠራና ከተጫጫረ።

ጥቅምት 16

ብየዳ ቤት ዋልኩ። የሚያስፈልገን የጠብታ ማብቀያ ነው፦ ዘንበል ያለ አሸንዳ፣ በላዩ ቁራጩ ተኝቶ፣ ከላይ ምግብ ያለበት ፈሳሽ ጠብ ጠብ እያለበት በዝግታ ወደ ታች የሚፈስበት። ይህን ዓይነት ማብቀያ ያጎለበተውና መለኪያ ዘዴውንም ለዓለም ያዳረሰው እ.ኤ.አ. በ1990 በሞንታና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የባዮፊልም ማዕከል ነው። ዘዴው ዛሬ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. የተባለው ደረጃ አውጪ ድርጅት ባወጣው ኢ2647 በሚባል የአሠራር ደረጃ ተጽፏል። የተሠራውን ዕቃ ከውጭ እናስመጣ ብንል የውጭ ምንዛሬ ወረፋው ብቻ የትምህርት ዘመኑን ይጨርሰዋል። ደረጃውን ሳነበው ግን ከልብ ደስ አለኝ። አሸንዳው 10 ዲግሪ ያዘንብል፣ ለእያንዳንዱ አሸንዳ በሰዓት 50 ሚሊ ሊትር ይፍሰስ፣ የክፍሉ ሙቀት 21 ዲግሪ አካባቢ ይሁን ነው የሚለው። የጅማ ክፍል ያለ ማሞቂያም ያለ ማቀዝቀዣም 21 ዲግሪ አካባቢ ነው!

ለብየዳ ቤቱ ጋሼ 10 ዲግሪ ስላቸው «እሱን ተዪውና በሴንቲ ሜትር ንገሪኝ» አሉኝ። አሸንዳው 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንዱ ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ከማይዝግ ላሜራ አጥፈው፣ ጫፉ ላይ የመውረጃ ቱቦ በይደው፣ የብየዳውን ስፌት በግራይንደር አለሰለሱት። ስፌቱ እንዲለሰልስ አጥብቄ የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሸካራ ስፌት ራሱ ባዮፊልም ያበቅላል። ምክንያቱን ስነግራቸው ሳልጠይቃቸው ውስጡን በድጋሚ በጥሩ ወረቀት ፈተጉልኝ፤ «ለወተት ዕቃም የምናደርገው ይኸንኑ ነው» ብለው።

ጥቅምት 27

ማምከን። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት የሚያመክን ዕቃ) ላይ ይህ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ያመጣል። በመማሪያ መጽሐፍ 121 ዲግሪ ለማግኘት ግፊቱ 15 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ አሃድ) ይሁን ይላል፤ ያ ግን ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። የግፊት መለኪያው የሚያነበው ከውጩ አየር በላይ ያለውን ግፊት ስለሆነና እዚህ የውጩ አየር ስስ ስለሆነ፣ ያንኑ 121 ዲግሪ ለማግኘት መለኪያው 18 ፒ.ኤስ.አይ. አካባቢ ማንበብ አለበት። አየሩ ከውስጥ ተጠርጎ እስኪወጣ መጠበቅም ግድ ነው። ግፊቱን ብቻ አምነው የሚሠሩ ካሉ እባካችሁ ቴርሞሜትሩን እዩ፤ የስፖር (ሙቀት የሚቋቋም የባክቴሪያ ዘር) መመርመሪያም ካገኛችሁ አብራችሁ አስገቡ። እኛ አስገባን፤ ከወጣ በኋላ አልበቀለም።

አሸንዳዎቹና ጠርሙሶቹ በአውቶክሌቭ ገቡ። የጀሪካን ቁራጮቹ ግን አይገቡም፣ ፕላስቲኩ ይለሰልስና ይጣመማል። እነሱ በሳሙና ታጥበው፣ በ70 በመቶ አልኮል ተነክረው፣ ንጹሕ አየር በሚነፍስበት የላብ ሣጥን ውስጥ ደረቁ።

ለጠብታው የተጠቀምነው የግሉኮስ መስጫ ቱቦ ነው። ከፓኬቱ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፣ ርካሽ ነው፣ ማስተካከያ መንኰራኩርም አለው። 20 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር የሚሆነውን መረጥን። በሰዓት 50 ሚሊ ሊትር ማለት 1,000 ጠብታ ነው፤ በደቂቃ 17 ገደማ። ዎርድ የሠራች ሲስተር ጠራንና በሰዓቷ እያየች በቅጽበት አስተካከለችልን። ላቡ ውስጥ ካለነው ሁሉ እጇ የተፍታታ እሷ ነበረች።

ኅዳር 5

የመጀመሪያው ባዮፊልም በቀለ። ሁለት ዓይነት ዘር ነበረን፦ አንዱ ሱዶሞናስ የሚባል፣ በማወዳደሪያነት የታወቀ ባክቴሪያ፣ ሌላው ከአሮጌዎቹ ጀሪካኖች ግድግዳ ተፍቆ የተገኘው ቅልቅል። ሁለተኛውን የጨመርኩት፣ ማወዳደሪያው ዝርያ ዘዴው መሥራቱን ቢያሳይም የጅማን ጀሪካን ስለማይወክል ነው።

ደረጃው እንደሚለው መጀመሪያ ለ6 ሰዓት ሳይፈስ ተኝቶ እንዲጣበቅ፣ ከዚያ ለ48 ሰዓት በጠብታ። ምግቡ በጣም የሳሳ ነው፤ በሊትር 270 ሚሊ ግራም ትሪፕቲክ ሶይ ብሮዝ። ለአንድ አሸንዳ ለ48 ሰዓት 2.4 ሊትር ይበቃል፤ ዱቄቱ ሲሰላ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። ሪኤጀንት በቁንጥር በሚሰፈርበት ላብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በመካከል መብራት ሄደ። ፍሪጁም ኢንኩቤተሩም ዝም ሲል ጠብታው መውረዱን ቀጠለ፤ የሚሠራው በስበት ነውና። ፓምፕ ቢኖረን ኖሮ ሥራው እዚያው ላይ ይቆም ነበር። ከአሁን ወዲያ ፓምፕ ቢሰጡኝም ጠብታውን አልተውም።

ቁራጮቹን ስናወጣ ከአሮጌ ጀሪካን የመጡት በብርሃን ዘንበል ሲደረጉ ያብረቀርቃሉ። በመርፌ ጫፍ ሲጎተት ሽፋኑ ክር እየመዘዘ ይከተላል።

ኅዳር 12

ማቅለም። ክሪስታል ቫዮሌት 0.1 በመቶ፣ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ በውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ። ይህ ቀለም ለእናቶች እንግዳ አይደለም፤ ለሕፃን አፍ ቁስል ጤና ጣቢያ ይሰጥ የነበረው ጂ.ቪ. ዋና ንጥረ ነገሩ ይኸው ነው። ባዮፊልም ባለበት ሐምራዊ ሆኖ ይቀራል። ለመለካት ደግሞ ቀለሙን በ30 በመቶ አሴቲክ አሲድ አሟሙቶ በ550 ናኖ ሜትር ማንበብ ነው። ባዶ ማወዳደሪያ፣ ማለትም ባክቴሪያ ያልነካው ተመሳሳይ ቁራጭ፣ አብሮ መቅለም አለበት፤ የተጫጫረ ፕላስቲክ ራሱ ቀለም ይይዛልና። «አለ» የምንለው ንባቡ ከባዶዎቹ አማካይ በሦስት እጥፍ መደበኛ ልይይት (ንባቦቹ ከአማካያቸው የሚራራቁበት መጠን) ሲያልፍ ነው። ስቴፓኖቪችና ባልደረቦቹ ያስለመዱት ወሰን ነው።

የተጫጫሩት ከአዲሶቹ በግልጽ ደምቀው ወጡ። ፕላስቲኩ ብርሃን ስለማያሳልፍ በስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ከላይ አብርተን አየናቸው። ሐምራዊው የጭረቱን መስመር ይከተላል። ጠፍጣፋው ላይ ነጠብጣብ ነው፤ ጭረቱ ውስጥ ተያይዞ የተሰመረ ነው።

አንድ ነገር ለሚከተሉን ተማሪዎች፦ ይህ ቀለም የሞተና ያልሞተ አይለይም። ልጋጉንም ሬሳውንም ያቀልማል። ስለዚህ ቀለሙ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ከጎኑ ሁልጊዜ ፍቆ፣ በትኖ፣ ሳህን ውስጥ በረጋ የባክቴሪያ ምግብ (አር2ኤ አጋር) ላይ መዝራት አለ።

ኅዳር 23

ክሎሪን። ለጠራ ውሃ በቤት የሚመከረው በሊትር 2 ሚሊ ግራም፣ ለደፈረሰ 4 አካባቢ ነው፤ 30 ደቂቃ ተጠብቆ ይጠጣል። እኛም ቁራጮቹን በዚሁ መጠን ለ30 ደቂቃ ዘፈቅን፣ ወዲያው በሶዲየም ታዮሰልፌት ክሎሪኑን አከሸፍን፤ ይህ ካልተደረገ ሳህኑ ላይ እስኪዘራ ድረስ መግደሉን ይቀጥላልና።

ሐምራዊው አልቀነሰም ማለት ይቻላል። ሳህኖቹ ላይ የበቀለው ካልታከሙት ያነሰ ቢሆንም ሞልቶ ነበር። ብሮዝ ውስጥ ሲንሳፈፍ የነበረው ያው ቅልቅል በተመሳሳይ መጠን ሲታከም ግን ሳህኑ ጸዳ።

ይህ በሌሎች እጅም የታየ ነው። ለሸቫሊየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ሥራ ገጽ ላይ የተጣበቁ ባክቴሪያዎች ለሃይፖክሎረስ አሲድ (ክሎሪን ውሃ ውስጥ ለሚይዘው ገዳይ መልክ) ከተንሳፋፊዎቹ ከ150 እስከ ከ3,000 እጥፍ በላይ ጽኑ ሆነው ተገኝተዋል። ምክንያቱን ደግሞ ከሞንታናው ማዕከል ደ ቢር፣ ስሪኒቫሳንና ስቱዋርት እ.ኤ.አ. በ1994 በቀጭን ኤሌክትሮድ ባዮፊልሙን እየወጉ ለኩት፤ ውስጥ የተገኘው ክሎሪን በአብዛኛው ውጭ ካለው 20 በመቶ ወይም ከዚያ ያነሰ ነበር። ክሎሪኑ ወደ ውስጥ ሳይደርስ ልጋጉ ላይ ይበላል።

መበላቱን በዓይናችን ለማየት ፈለግን። አንድ አዲስና አንድ አሮጌ ጀሪካን ከአንድ ቧንቧ ሞላን፣ እኩል ክሎሪን ሰጠናቸው፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ ዲ.ፒ.ዲ. ክኒን (ያልተበላ ክሎሪን ካለ ውሃውን ሮዝ የሚያደርግ) ጣልንበት። ከአዲሱ የተቀዳው ደማቅ ሮዝ ሆነ። ከአሮጌው የተቀዳው ፈዘዝ አለ። በማግስቱ ጠዋት አዲሱ አሁንም ሮዝ ነው፤ አሮጌው ክኒኑ ቢሟሟበትም ቀለም አልሰጠም። ተማሪዎቹ ሁለቱን ብልቃጥ ጎን ለጎን በመስኮቱ ብርሃን ይዘው ቆሙ፤ ከዚህ በኋላ ማብራራት አላስፈለገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ30 ደቂቃ በኋላ በሊትር ቢያንስ 0.5 ሚሊ ግራም ነጻ ክሎሪን ይኑር ይላል። ያ 0.5 ለእናቲቱ የሚቆይላት ግድግዳው ካልበላባት ነው።

ኅዳር ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ቡና በሚታጠብበት ወቅት ከመፈልፈያዎች የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ወንዝ ሲገባ ውሃው በተፈጥሮ ብስባሽ ይሞላል። እንዲህ ያለ ውሃ ክሎሪንን ገና ግድግዳው ጋ ሳይደርስ ይጨርሳል። ከወንዝና ከምንጭ የሚቀዱ ቤተሰቦች በዚህ ወቅት ውሃውን አጥልለው፣ የመጠኑንም ከፍተኛውን ቢጠቀሙ ይሻላል።

ታኅሣሥ 7

መናጥ። ሰፈር ውስጥ የሚሠራበትን ሁሉ ሞከርን፦ ውሃ ብቻ፣ ውሃና ኦሞ፣ አሸዋ፣ ጠጠር። ቁራጮቹን አፉ ሰፋ ተደርጎ በተቆረጠ ጀሪካን ግድግዳ ላይ በቦልት አስረን፣ ጥቂት ውሃ ጨምረን፣ ሰው ቤቱ እንደሚያደርገው ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ናጥነው።

ውሃ ብቻ ደለሉን ወሰደ፣ ሽፋኑን ተወ። ኦሞው ትንሽ ረዳ። አሸዋና ጠጠር ጠፍጣፋውን አጸዱት፤ ሐምራዊው ከባዶው ማወዳደሪያ እምብዛም የማይለይ ሆነ። እናቶች ከማንም ሳይማሩ የሚያደርጉት ይህ ነገር ከክሎሪኑ በላይ ሠራ። ደስታዬን ልደብቀው አልችልም።

ግን አሸዋው ይጭራል። በአሸዋ ደጋግመን የናጥነውን አዲስ ቁራጭ በስቴሪዮው ስናየው ብዥ ያለ፣ የተፈገፈገ ገጽ ሆኗል፤ እንደገና ሲዘራበት ከመጀመሪያው ይልቅ በርትቶ በቀለበት። ዛሬ ያጸዳው እጅ ለነገ ማሳ እያዘጋጀ ነው ማለት ነው። ጠርዙ የተሞረደ ድቡልቡል የወንዝ ጠጠር ከአሸዋ ያነሰ ይጭራል፤ ቢሆንም ይጭራል።

መፍትሔው የመጣው ከላቡ ጽዳት ሠራተኛ ነው። ስንናጥ ቆመው አዩና፣ «እኛ ቤት በቆሎ ነው የሚጨመረው፤ ደረቅ በቆሎ ከሙቅ ውሃ ጋር» አሉ። በማግስቱ ከቤታቸው አንድ ጣሳ በቆሎ ይዘው መጡ። ማጽዳቱ ወደ ጠጠሩ ይጠጋል፣ ጭረቱ ግን በስቴሪዮው አልታየንም። በቆሎው ከታጠበ በኋላ ተጠርጎ መውጣት አለበት፤ አንድ ፍሬ ውስጥ ቢቀር ራሱ ለባክቴሪያ ምግብ ነው። ስለዚህ እየቆጠሩ ማስገባትና እየቆጠሩ ማውጣት ወይም በጭልፋ ሰፍሮ ማመሳከር።

ከዚያ ሁለቱን አጣመርናቸው። ተንጦ፣ ተለቅልቆ፣ ከዚያ ክሎሪን። የጠፍጣፋው ቁራጮች ሳህን ጸዳ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ክሎሪን ከዚያ መናጥ ያደረግንባቸው ግን እንደዚያ አልጸዱም፤ ከተናጠ በኋላ የተጋለጠውን የሚገድል ክሎሪን አልቀረማ። ቅደም ተከተሉ ራሱ ሥራ ነው።

ታኅሣሥ 19

የሳምንቱ ንባባችን። ዛሬ የያዝነው ሳወር፣ ስቱድሊ፣ ገርስና ሌሎች እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡትን፣ የባዮፊልምን የሕይወት ዑደት እንደገና የሚያይ ጽሑፍ ነው። ሁላችንም የተማርነው ባለ አምስት ደረጃውን ሥዕል ነው፦ አንድ ባክቴሪያ ይጠጋል፣ ይጣበቃል፣ ይበዛል፣ እንጉዳይ የሚመስል ይሠራል፣ በመጨረሻ ይበተናል። አዲሱ ጽሑፍ ወደ ሦስት ሰፋ ያሉ ነገሮች ያመጣዋል፦ መሰባሰብና መጣበቅ፣ ማደግና መከማቸት፣ መለያየትና መላቀቅ። ነጠላ ሕዋስ ብቻ ሳይሆን ቀድሞ የተሰባሰበ ጓልም መጥቶ ሊጣበቅ እንደሚችል፣ ገጽ ሳይነካም ተንሳፎ በጓል ሊኖር እንደሚችል ቦታ ይሰጣል።

ለጀሪካናችን ይህ ምን ያመጣል? ብዙ ተከራከርንበት። ከግድግዳው የሚላቀቀው በአብዛኛው ጓል ከሆነ፣ ጠዋት ኩባያ ውስጥ የሚገባው ልጋጉን እንደለበሰ ነው፤ ያም ለክሎሪን ከነጠላ ሕዋስ ይልቅ ይጸናል። ሌላም አለ። አንድ ጓል ሳህን ላይ ሲያርፍ የሚያበቅለው አንድ ኮሎኒ (በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምር) ነው፣ ውስጡ ብዙ ቢኖርም። ስለዚህ ውሃውን ብቻ ቀድቶ የሚቆጥር ሰው ከእውነቱ አሳንሶ ሊጽፍ ይችላል። ከዛሬ ጀምሮ ናሙናዎቻችንን ከመዝራታችን በፊት በብርጭቆ ጠጠር እየነቀነቅን እንበትናለን፤ የቀድሞውንም ሆነ አዲሱን ቁጥር ጎን ለጎን እንይዛለን።

አንድ ተማሪ የኮሌራውን ነገር አነሳች። ቪብሪዮ ኮሌራ ራሱ ባዮፊልም ይሠራል፣ በውሃ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን እንስሳት ላይም ይጣበቃል። ኮልዌልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት የባንግላዴሽ ሥራ ውሃን በታጠፈ አሮጌ የሳሪ ጨርቅ ማጥለል ኮሌራን በ48 በመቶ ቀንሷል። ጨርቁ ነጠላ ባክቴሪያ አይዝም፤ የተጣበቀበትን ነገር ግን ይይዛል። አተትን በየክረምቱ ለምንፈራ ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የታጠፈ ነጠላ የሌለው ቤት የለም።

ጥር 8

ቃላችንን ይዘን ወደ መንደራ ሄድን። ቡና ተፈልቶ፣ ቆሎ ቀርቦ፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ጠበቀን። የሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሲስተርም መጣች፤ አፋን ኦሮሞ ለሚቀላቸው እሷ እያስተረጎመች። በሐምራዊ የቀለሙ ሁለት ግማሽ ጀሪካኖች ጨርቅ ላይ አስቀመጥን። አንዱ በውሃ ብቻ የታጠበ፣ አንዱ በበቆሎ የተናጠ። አዲስ ጀሪካን በሁለት እጃቸው ተቀብለው የነበሩት እናት ተነስተው መጥተው እጀታውን በጣታቸው ዳሰሱና፣ «ይኸ ሁሉ የኔ ነው?» አሉ። የሳቸው ብቻ እንዳልሆነ፣ ከየቤቱ የመጣው ሁሉ እንዲሁ እንደሆነ ነገርኳቸው፤ የራሴንም ቤት ጀሪካን ጨምሬ።

ጥያቄው ጎረፈ። አንድ አባት፣ «ታዲያ ለምን አፈ ሰፊ ባልዲ አንገዛም? እጅ ገብቶ ይፈገፍገዋል» አሉ። ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው። አፈ ሰፊ ዕቃ ለማጠብ ይቀላል፤ ግን ኩባያና እጅ ይገባበታል። ጠባብ አፍ የሚመከረው እጅ እንዳይገባ ነው፤ ግን ብሩሽም አይገባበትም። ለሁለቱም የሚሆነው ክዳኑ ተከፍቶ የሚታጠብ፣ ውሃው ግን ከሥር በቧንቧ የሚቀዳ ዕቃ ነው። ዋጋው ለሁሉም አይሆንም። ስለዚህ ጀሪካን ላለው የምንለው ይህ ነው፦ በየሳምንቱ፣ ሽፋኑ ሳይወፍር፣ በቆሎና ሙቅ ውሃ ጨምሮ መናጥ፤ አፍስሶ ማለቅለቅ፤ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ በሁለት ሊትር ገደማ አዘጋጅቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ ጀሪካኑን በእጀታው በኩል ገልብጦ ፈሳሹ እጀታውን እንዲሞላ ማድረግ፤ 30 ደቂቃ ተኝቶ፣ ሽታው እስኪጠፋ ማለቅለቅ። ከዚያ በኋላ ነው የመጠጥ ውሃ ማከሚያው የሚጨመረው። በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር ፈጽሞ አለመቀላቀል፤ ከልጆች ማራቅ።

ስለ አመድም ጠየቁን፣ ስለ ሎሚም። አልሞከርናቸውም፤ ሁለቱንም በዝርዝሩ ላይ ጻፍን። ሲስተር ደግሞ መመሪያውን በአፋን ኦሮሞ ጽፋ ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ ተረከበች።

ጥር 17

የእጀታው ነገር አልተፈታም። የመገልበጡ ዘዴ ሳህኑ ላይ የሚበቅለውን በጣም ቀንሶታል፣ ሐምራዊውን ግን አላስለቀቀም፤ መፋቅ የማይደርስበት ቦታ ነውና። በቆሎው ወደ እጀታው ይገባል፣ ግን እዚያ ለመንከባለል ቦታ የለውም። ጤፍ ወይም ማሽላ የሚያህል ትንሽ እህል እንሞክራለን። እጀታው ድፍን የሆነ ጀሪካን ገበያ ውስጥ ካለም በሚቀጥለው ሐሙስ ሄርማታ ገበያ ወርደን እንፈልጋለን፤ ካለ ከዚያ ቁራጭ ሳይሆን ሙሉውን ዕቃ እናወዳድራለን።

ሁለቱን አሸንዳዎች የማስተርስ ተማሪያችን ለካቴተር (ሰውነት ውስጥ ለሚገባ የሕክምና ቱቦ) ሥራዋ ወስዳቸዋለች፤ የሲሊኮን ቱቦው በአሸንዳው ውስጥ ከጀሪካን ቁራጩ ጎን ልክ ገብቷል። ለአመድና ለሎሚው አዲስ አሸንዳ ለብየዳ ቤቱ ጋሼ ታዟል። በዚህ ዙር ለሲ.ቢ.ቲ.ፒ. የሚወጡት ተማሪዎች ከውሃ ናሙናው ጋር የግድግዳ ጥጥ ናሙና እንዲወስዱ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ ጥጡን የት ማሻሸት እንዳለባቸውም ሥዕል ተያይዟል፦ ታች ማዕዘን፣ የውሃው መስመር፣ የእጀታው አፍ።